መቅደምና ማስቀደም

«መቅደም» እና «ማስቀደም» ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ቃላት ናቸው። የሰዋስው መምህር በመካከላቸው የሚያሳየው ልዩነት የአንዲት ምዕላድ ጭማሪ ብቻ ነው። በሥነ ምግባር ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ግን አንዱ ከሌላው እጅግ ይርቃል። የመጀመሪያው ከሰው ሁሉ ፊት ለመገኘት የሚጥር ሰው ግብር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፊት ለመገኘት አቅም እያለው ሌላውን ከፊት የሚያኖር ሰው ግብር ነው። ሕዝብ «መሪ» የሚለውን ቃል ሲሰማ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ይሁንና የታላላቅ ሥራዎች ታሪክ በጥሞና ሲመረመር፣ ከብዙዎቹ በስተጀርባ ሁለተኛው ዓይነት ሰው ቆሞ ይገኛል።

እንግዲህ መነሳት ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ የቡድን መሪ፣ በስፖርቱ ዓለም አምበል የሚባለው ሰው፣ የተመረጠው ሊቀድም ነው ወይስ ሊያስቀድም? አብረው የተዘጋጁ ሰዎች ያገኙት ድልስ የማን ሀብት ነው? የሮጠው ሰው ነው ወይስ ያዘጋጁት ሁሉ? ጥያቄው ለስፖርት አፍቃሪ ብቻ የቀረበ አይምሰል። በገበሬ ደቦ፣ በቴአትር ቡድን፣ በመሥሪያ ቤትና በቤተሰብ ውስጥ በየዕለቱ ይነሳል። ልዩነቱ በሌላው የኑሮ መስክ በብዙ ሽፋን ተጠቅልሎ ሲኖር፣ በመሮጫ መም ላይ ግን በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ራቁቱን መቆሙ ነው።

የለገዳዲ ማለዳ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በደሴ መንገድ ላይ ለገዳዲ ትገኛለች። የዋና ከተማው ነዋሪ ስሟን የሚያውቀው ከውኃ ጋር አያይዞ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በግድቧ የተጠራቀመው ውኃ በቧንቧ እየተጓዘ ከተማውን ሲያጠጣ ኖሯል። ጠዋት ፊቱን ለመታጠብ ቧንቧ የሚከፍት ሰው ግድቡን አያይም፤ ክረምቱን ሙሉ ጠብታ በጠብታ የተሰበሰበውን አያስብም፤ የሚያየው በእጁ መዳፍ ላይ የሚፈሰውን ብቻ ነው።

የአገሪቱ የሩጫ ድልም እንዲሁ ነው። ሕዝብ የሚያየው የመጨረሻውን ዙር፣ የሚውለበለበውን ሰንደቅ ዓላማና የሚፈሰውን የደስታ እንባ ነው። ግድቡ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ በለገዳዲና በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ በሰበታ መንገድና በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ፣ ወደ ሱሉልታ ሲወጣ ደግሞ 2600 ሜትርን የሚያልፍ ከፍታ አለው። አየሩ ስስ በመሆኑ የሯጩ ደም ኦክሲጅን የሚሸከሙለትን ቀይ ሕዋሳት ያበዛል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያፈራም፤ ቢያፈራ ኖሮ በተራራ ላይ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ባለ ሜዳልያ በሆነ ነበር። የጎደለውን የሚሞላው ዝግጅት ነው፤ የዚህ አገር ዝግጅት ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አለው።

ጎሕ ሲቀድ ሯጮቹ በአንድ መስመር ተከታትለው ይወጣሉ። ከፊት ያለው መንገዱን ይመርጣል፤ በዛፎች መካከል ይጠማዘዛል፤ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲያጋጥመው በእጁ ምልክት ለኋለኛው ያሳያል። ኋለኛው ዓይኑን ከፊተኛው ተረከዝ ላይ ሳያነሳ እግሩን በእግሩ ምት ያሳርፋል። አሰልጣኙ የወሰኑትን ፍጥነት መጠበቅ የፊተኛው ኃላፊነት ነው። ጉልበቱን ለማሳየት ብሎ ፍጥነቱን ቢያልፍ ጓደኞቹን ይሰብራል፤ ቢያንስ ደግሞ የሁሉንም ማለዳ ያባክናል። ነገ ከፊት የሚሆነው ሌላ ነው። በአስፋልትም፣ በኮረኮንችም፣ በዳገትም ይኸው ሥርዓት ይቀጥላል። ከቡድኑ ተደብቆ ለብቻው የሚሠራ ሰው በባልንጀሮቹ ዘንድ በበጎ ዓይን አይታይም። ብቻውን የሮጠ ሰው ጤናውን ይጠብቅ ይሆናል እንጂ አይለወጥም የሚል ጽኑ እምነት አላቸው።

ከዚህ ልማድ አንድ ታላቅ ሐሳብ ይወለዳል። ሯጮች «ኮንዲሽን» የሚሉት ያ የተሟላ የአካል ብቃት የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም ማለት ነው። በአንዱ እግር ውስጥ ነፋሱን የከፈለለት፣ ድንጋዩን ያሳየው፣ በደከመ ጊዜ የጎተተው ባልንጀራው ጉልበት አለ። ስለዚህ ሯጩ በውጭ አገር መም ላይ ለብቻው በሚቆምበት ሰዓት እንኳ ብቻውን አይደለም፤ የብዙ ሰዎችን አደራ በእግሩ ተሸክሟል።

ሞስኮ፣ ሐምሌ 1972

ይህ አደራ ምን ማለት እንደ ሆነ በግልጽ ከታየባቸው ቀናት መካከል ሁለቱ በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) በሞስኮ ኦሊምፒክ የዋሉት ናቸው። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ወደ ሞስኮ የሄደው ረጅም መጠበቅን አሳልፎ ነበር። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ሲያገኝ በ5000 ሜትር ሳይሰለፍ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ በመጎብኘቱ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲወጡ ኢትዮጵያም ወጣች። በዚያን ጊዜ የብዙ ዓመት ዝግጅት ከአገርም ለሚሰፋ ቡድን፣ ለአህጉሪቱ ክብር ተሠዋ።

ሐምሌ 20 ቀን በተደረገው የ10000 ሜትር ፍጻሜ ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን እየቀያየሩ ተቀናቃኞቻቸውን አደከሙ። በመጨረሻ ምሩጽ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ ሲያገኙ ቶሎሳ አራተኛ ወጣ። ከአምስት ቀን በኋላ በ5000 ሜትር ፍጻሜ ግን ነገሩ ጠነከረ። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር ምሩጽ ከውስጠኛው መስመር ላይ በሯጮች ተከቦ ነበር፤ ከፊቱ ያለው የራሱ ባልንጀራ መሐመድ ነው። መሐመድ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ በተከፈተው ክፍተት ምሩጽ ወጥቶ ተፈተለከ፤ ሁለተኛውንም ወርቅ ወሰደ። መሐመድ በዚያ ቀን ከሜዳልያ ውጭ ሆነ።

አንድ ርምጃ ወደ ጎን መሆን ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኦሊምፒክ ፍጻሜ የመጨረሻ ዙር ላይ፣ ሳንባ በሚቃጠልበት ሰዓት፣ የራስን መንገድ ለሌላው መልቀቅ በዚያች ቅጽበት የሚታሰብ ነገር አይደለም። እግር በዚያን ጊዜ የሚያደርገው ቀደም ሲል የለመደውን ብቻ ነው። አርስጣጣሊስ ሰው ጻድቅ የሚሆነው የጽድቅን ሥራ ደጋግሞ በመሥራት ነው ሲል ያስተማረው ይህንኑ ነው። ያች ርምጃ የተረገጠችው በሞስኮ ቢሆንም የተወሰነችው ግን ብዙ ማለዳ አስቀድሞ፣ ተራ በተራ ከፊት በሚወጣበትና ተራን ለሌላው በሚለቀቅበት በዚያ መስመር ውስጥ ነው።

ከጎልፍ ሜዳ የመጣ ክርክር

ማስቀደም ሁሉ የሚመሰገን ነውን? ለዚህ ጥያቄ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ምሳሌ ጠቃሚ ነው። ጎልፍ በባሕርዩ የብቸኛ ሰው ጨዋታ ሲሆን፣ ከ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1927) ጀምሮ በሚካሄደው ራይደር ካፕ በተባለው ውድድር ግን የአሜሪካ ተጫዋቾች መጀመሪያ ከብሪታንያ፣ በኋላም ከመላው አውሮፓ ጋር በቡድን ይገጥማሉ። በዛሬው ልማድ የዚህ ቡድን አምበል አንዲት ኳስ እንኳ አይመታም። ሥራው ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚሰለፍ መወሰን ነው። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ እጁ ባዶ ነው፤ ያለው ሀብት አስቀድሞ ያዘጋጀው ብቻ ነው።

በመስከረም 1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሮያል በርክዴል ሜዳ የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ እኩል ሆኖ ሁሉም ነገር በመጨረሻው ግጥሚያ የመጨረሻ ጉድጓድ ላይ ተንጠለጠለ። አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ ኳሱን ካገባ በኋላ ለእንግሊዛዊው ቶኒ ጃክሊን አጭር ምት ቀረችው። ጃክሊን ቢስት አሜሪካ ታሸንፋለች። ኒክላውስ ግን በጨዋታው ሕግ የተፈቀደለትን መብት ተጠቅሞ ምቷን እንደ ገባች ቆጠረለት። ውጤቱም 16 ለ16 ሆነ፤ በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያው እኩልነት ነበር። ዋንጫው በቀድሞ ባለቤትነት በአሜሪካ እጅ ቆየ።

ዓለም ይህን ድርጊት የጨዋነት አብነት አድርጎ ይጠቅሰዋል። የአሜሪካው ቡድን አምበል ሳም ስኒድ ግን ቅር ተሰኘ። ቅሬታው ከንቱ ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። ቡድኑ አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ለዚያች ሰዓት ያበቃው የሁሉም ድካም ነው። ኒክላውስ ቸርነትን ሲያደርግ ከማን ኪስ አውጥቶ ሰጠ? በሌላ በኩል፣ የወዳጅ እጅ ተንቀጥቅጣ በመሳቷ ብቻ የሚገኝ ድል ምን ያህል ክብር አለው ብሎ የሚጠይቅም ሰው እውነት አለው።

የራስና የጋራ

ሁለቱ ምሳሌዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ጎልቶ ይታያል። መሐመድ ከድር የሰጠው የራሱን ዕድል ነው፤ ቡድኑ በዚህ አንዳች አልጎደለበትም፤ እንዲያውም አተረፈ። ኒክላውስ የሰጠው ግን የጋራውን ነው። ሰው የራሱን ሲሰጥ ለጋስ ይባላል፤ የጋራውን ሲሰጥ ግን ለጋስነቱ ብቻ በቂ አይሆንም፤ ባለቤቶቹ ፈቅደዋልን ተብሎ መጠየቅ አለበት። አምበል የጋራ ሀብት ባላደራ ነው። የራሱን ክብር፣ የራሱን ተራ፣ የራሱን ስም መስጠት ይችላል፤ የባልንጀሮቹን ለመስጠት ግን አስቀድሞ አብሯቸው መምከር ይገባዋል።

እዚህ ላይ የዝግጅት ሁለተኛው ትርጉም ይገለጣል። ዝግጅት የጡንቻና የሳንባ ብቻ አይደለም፤ የስምምነትም ዝግጅት ነው። ቡድኑ ከሁሉ በላይ የሚያከብረው ምንድን ነው? ማን ለማን፣ መቼ፣ እስከ ምን ድረስ ይጠብቃል? እነዚህ ጥያቄዎች በውድድሩ ሜዳ ላይ ከተነሱ መልስ የሚሰጣቸው በጣም ፈጣኑ ወይም በጣም ስሜታዊው ሰው ይሆናል። በዝግጅቱ ወቅት ከተነሱ ግን መልሱ የሁሉም ይሆናል።

መቅደምም ቢሆን የአምበል ግዴታ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በይድነቃቸው ተሰማ የሚሠለጥነው የኢትዮጵያ ቡድን በግብፆች ሁለት ጊዜ ተመርቶ ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል ያስቆጠረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አግብተው ድሉ 4 ለ2 ሆነ። አምበሉ በዚያች ሰዓት ለትሕትና ብሎ ወደ ኋላ ቢል ኖሮ የሚሰጠው የራሱን ሳይሆን የአገሩን በሆነ ነበር። እንግዲህ ሚዛኑ «ልቅደም ወይስ ላስቀድም» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «የምሰጠው የማንን ነው» የሚለው ነው።

ስድስተኛው ሰውና የመጠበቅ ወሰን

የአገር አቋራጭ ሩጫ ለዚህ አስተሳሰብ የተመቸ ሥርዓት ነበረው። በዓለም ሻምፒዮና ለረጅም ዘመን በአዋቂ ወንዶች ውድድር የአንድ አገር ስድስት ሯጮች ደረጃ ተደምሮ ዝቅተኛ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፍ ነበር። አንደኛው ሰው አንድ ነጥብ ያመጣል፤ ስድስተኛው ሰው አሥር ሰው ቢያልፍ አሥር ነጥብ ያተርፋል። ስሙ በጋዜጣ የማይወጣው ሰው ከባለ ወርቁ የማይተናነስ ዋጋ ያለው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው።

በመጋቢት 1973 ዓ.ም. በማድሪድ የኢትዮጵያ ሯጮች ተሰባስበው ከፊት ሲመሩ ቆዩ። ዳሩ ግን ዙሩን በመሳሳት አንድ ዙር ሲቀር የመጨረሻው መስሏቸው ጉልበታቸውን ጨረሱ። ስሕተቱ ሲታወቅ እንደገና ተነስተው መሮጥ ነበረባቸው። የግሉን ድል አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ወሰደ፤ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሆነ። የቡድኑ ወርቅ ግን የኢትዮጵያ ነበር። ከዚያ ቀን ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ምልክት ማንበብንና ዙር መቁጠርን የዘነጋ ዝግጅት ጎዶሎ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአንዱን ስሕተት የብዙዎች ጽናት ሊሸፍነው መቻሉ ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ የቡድኑን ድል አላስነጠቀችም። በ1974 ዓ.ም. በሮም የግሉን ወርቅ ያገኘውም በሞስኮ መንገድ የለቀቀው መሐመድ ከድር ነው። ተራውን የሰጠ ሰው ተራው ደረሰው።

ከዚያ በኋላ ድሉ ለአሥራ ስምንት ዓመት በኬንያውያን እጅ ቆየ። የኢትዮጵያ ቡድን እንደ ገና የተመለሰው በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ዓመት በአቴንስ ኦሊምፒክ የመጠበቅ ጥያቄ በአዲስ መልክ ቀረበ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ሲስብ ወጣቱ ቀነኒሳ በቀለ በመጨረሻ አልፎት ወርቁን ወስዷል፤ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስሕን ሦስተኛ ሆነው ሦስቱም ሜዳልያዎች ወደ አንድ አገር ገብተዋል። በአቴንስ ኃይሌ በተረከዙ ጅማት ሕመም እየተሰቃየ ተሰለፈ። ሲዘገይ ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየተመለከቱ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ሆኖም ኃይሌ ሊደርስ እንደማይችል በታወቀ ጊዜ ሁለቱ ጥለው ወጡ፤ ወርቁንና ብሩን አገኙ። ኤርትራዊው ዘርእሰናይ ታደሰ ነሐሱን ወሰደ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

ይህ መጠበቅ ከንቱ ነበር የሚል ሰው የፓሪስን ዕዳ አያውቅም። መጠበቁ ማለቅ አልነበረበትም የሚል ደግሞ አደራን አያውቅም። ሁለቱ ወጣቶች የራሳቸውን ጊዜና ጉልበት ለታላቃቸው ሰጡ፤ የጋራው ሀብት አደጋ ላይ ሊወድቅ ሲል ግን አቆሙ። የማስቀደም ጥበብ ፍጹም ሆኖ የሚገኘው ወሰኑን ባወቀ ጊዜ ነው።

የትእዛዝ ጥያቄ

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። መንገድ የለቀቀው ሰው የለቀቀው ታዞ ከሆነስ? በሞስኮው ዘመን ከሯጮቹ ብዙዎቹ በጦር ኃይል ውስጥ የሚያገለግሉ ነበሩ፤ የበላይ ቃል የሚጠየቅበት ዘመንም አልነበረም። ታዞ የተሰጠ ነገር ስጦታ ሳይሆን ግብር ነው፤ ከደካማው ተወስዶ ለብርቱው የተጨመረ ድል ቅሚያን ይመስላል። ተቃውሞው እውነት አለው። «ለአገር» በሚል ቃል ስንቱ ሰው ያለ ፈቃዱ እንደ ተሠዋ ታሪክ ያውቃል።

መልሱ ግን በከፊል እዚያው መም ላይ ይገኛል። ትእዛዝ ሯጭን እስከ መነሻው መስመር ያደርሰዋል እንጂ ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር አብሮት አይሮጥም። በዚያች ሰዓት አልሰማሁም፣ አላየሁም ማለት ለማንም ይቻላል። ክፍተቷ የተከፈተችው በሚገባው ቅጽበት መሆኑ ከትእዛዝ ያለፈ መተማመን እንደ ነበረ ይመሰክራል። የቀረው የመልሱ ክፍል የአምበሉና የአሰልጣኙ ዕዳ ነው። ራሱ ያልለቀቀ መሪ ሌላውን ልቀቅ የማለት መብት የለውም። የተቀበለም ሰው የሰጪውን ስም መጥራት ግዴታው ነው። የሰጪው ስም በተረሳበት ቦታ መሥዋዕቱ ወደ ብዝበዛ ይለወጣል።

ግድቡ እንዳይደርቅ

ዛሬ ይህ ጥያቄ ከምንጊዜውም ይልቅ አንገብጋቢ ሆኗል። ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ከተሞቹ በፍጥነት ሲያድጉ ሯጮች ይመላለሱበት ከነበረው ሜዳና የእርሻ ዳር ብዙው በቤትና በአጥር ተይዟል። ሰው ቤት እንዲኖረው ይገባል፤ ሆኖም መስመሩ የሚያልፍበት መሬት ሲጠብ መስመሩም መቀጠኑ አይቀርም። ከዚህም ሌላ የጎዳና ሩጫ ገንዘብ ሯጩን በግሉ ይጠራዋል። ብዙዎች በየክለባቸውና በየማናጀራቸው ተከፋፍለው ይሠራሉ፤ ብሔራዊ ቡድን የሚሰበሰበው ውድድር ሲቃረብ ነው። ሯጭ በላቡ ወዙ ቤተሰቡን ማኖሩ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አብረው ማለዳ ያልተነሱ፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ ያላዩ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ያልመከሩ ሰዎች አንድ ዓይነት መለያ ስለ ለበሱ ብቻ ቡድን አይሆኑም። እንዲህ ያለው ስብስብ የመቅደም ፍላጎት ይኖረዋል፤ የማስቀደም ኃይል ግን ከየት ያመጣል?

ስለሆነም አምበል መምረጥ ማለት ከሁሉ ፈጣኑን ሰው መፈለግ ማለት አይደለም። የራሱ የሆነውንና የጋራ የሆነውን ለይቶ የሚያውቅ፣ የራሱን ሳይሰስት የሚሰጥ፣ የጋራውን ሳያባክን የሚጠብቅ ሰው መፈለግ ነው። ዝግጅትም እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን እንዳይቀር፣ ስድስተኛውም ሰው እንደ አንደኛው ድርሻውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በየአዳራሹ ይነገራል። ድሩ ግን በአዳራሽ አይፈተልም። የሚፈተለው ማንም በማያይበት ሰዓት፣ በብርድና በጤዛ ውስጥ፣ ዛሬ ከፊት የነበረው ነገ ከኋላ ሲሆን ነው።